አራት ጣት

አቃቂ ድልድይ ሥር፣ በግራው በኩል፣
ድንጋዩ ውስጥ የናስ ጉጥ አለች፣ እንቁላል የምታህል።
የተማረ ሰው «የከፍታ ምልክት» ይላታል፤
የሰፈሩ ልጅ የኮክ ፍሬ ይሰብርባታል።
እኔን ግን ባየኋት
ቀኝ እጄን ይበላኛል፣ አራቱን ጣት።

በስልሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምት ሊገባ፣
አንድ ቀጭን ፈረንጅ ከላንድሮቨር ወረደ፣ ጫማው ውኃ የሚያስገባ።
«እንግሊዝ ነህ?» ብንለው ፊቱ ቲማቲም መሰለ፤
ደረቱን መታና «ዌልስ! ዌልስ!» አለ።
እንድሪስ ይመር፣ ግንበኛው፣ ጆሮው ለመዶሻ የደከመ፣
«ወሎ ነኝ አለ!» ብሎ ሮጦ ጉንጩን ሳመ።
ስሙን ጠየቀው። «እድሪስ።»
ከዚያ ወዲያ ማን ይመልስ!
«ሞክሼ» እንዳለው ኖረ። በግ ሲያርድ ሙዳውን
ለሞክሼው አስቀመጠ፣ ቢስሚላህ ያለበትን።
እኛ ክርስቲያኖቹ ግራ ገባን፤
ማተብ የለው፣ ሶላት አይሰግድ፣ ከየትኛው እንቁጠረው አልን።

የኔ ሥራ ቀላል ነበር፦ ቀይና ነጭ እንጨት ይዞ መቆም።
ቀጥ ብሎ። ያለ ወሬ፣ ያለ ህልም።
እሱ ከባለ ሦስት እግሩ መሣሪያ ኋላ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣
ቁጥር ይለቅማል እንደ ምስር፣ ትንፋሹን አፍኖ።
«ቀጥ በል! የዘመመ እንጨት ይዋሻል»፤
ይቺን ይዟታል፣ በየቀኑ ይላታል።

አንድ ሐሙስ የጨርቃ ጨርቁ ሳይረን ጮኸ፤
የስምንት ሰዓት ሴቶች ወጡ፣ ብናኝ ጥጥ ፀጉራቸው ላይ።
አንዷ ወደኔ ዞራ ሳቀች።
እንጨቴ ዘመመች።
ይኸው ነው። እሱ ቁጥሩን ጻፈ።

በነሐሴ ውኃው በድልድዩ ላይ ተራመደ፤
የወይዘሮ ደብሪቱን ሽንኩርት ከነመደቡ ይዞ ወረደ፤
አንዲት ጥጃም። ሰው አልሞተም፣ ተመስገን።
ከከተማ መጥተው ለኩት፤ አራት ጣት ዝቅ ብሏል አሉን።
«ማነው የሳተው?»
እድሪስ ደብተሩን ዘረጋ፤ «ፊርማው የኔ ነው።»
አጠገቡ ነበርኩ። እንጨቱን ይዤ።
ያን ቀን ቀጥ ብዬ ቆምኩ፣ ደንዝዤ።

ከዚያ አምስት ኪሎ አስተማረ፤ ከዚያ አገሩ ገባ፤
በባሕር ላይ ድልድይ ዘረጋ፤ ዩኒቨርሲቲም ሾመው፣ የወርቅ ክር ካባ።
እንድሪስ ይመር ወሬውን ሲሰማ
«ሞክሼዬ ነገሠ!» ብሎ ሻይ ጋበዘ፣ በዱቤ፣ ለሰፈሩ በሙሉ።
እዚያ የተማረ አንድ ልጅ ነገረኝ፦
ከቢሮው ግድግዳ ዲግሪ አልሰቀለም፤
ያ የደብተር ገጽ ነው ያለው፣ በመስታወት፣
አዲስ የገባ ተማሪ ሁሉ ፊቱ ይቆማል፤
«ይህን ውኃ እኔ ነኝ ያስገባሁት» ይለዋል።

አምና መጣ፣ ምርኩዝ ይዞ።
አዳራሹ ምንጣፍ አንጥፎ ሲጠብቅ፣ እሱ አቃቂ ወረደ።
የእንድሪስን መቃብር አሳየሁት። ባርኔጣውን አወለቀ፤
«ሞክሼ» አለ፣ በኛው አማርኛ፣ እንደሚጣራ ሰው።

ድልድዩ ሥር፣ አስተርጓሚው ስልክ ሊያነሳ ዞር ሲል፣
በጥድፊያ ነገርኩት፣ ሃምሳ ዓመት ያፈንኩትን፦
ያን ሐሙስ፣ ሳይረኑ፣ ሴቶቹ፣ እንጨቱ ዘምሞ ነበር፣ እኔ ነኝ።
አየኝ። ብዙ አየኝ።
«እሺ» አለ። «እሺ።»
ከቋንቋችን መጀመሪያ የያዛት ቃል ናት፤
ለደመወዝም፣ ለዝናብም፣ ለሻይም ይላታል።
ገባው አልገባው፣ አላውቅም።

ከዚያ ጎንበስ አለ፤ ከናሷ ጉጥ በላይ አራት ጣቱን አሳረፈ፤
ለካ።
በላያችን ጭነት የከበደው ሲኖትራክ እያጓራ አለፈ።